ለመራመድ ብቻ ሳይሆን ለመቆም፦ የመዝናኛ ፓርክ ጫማ

ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያዋ አናሃይም በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1955 ነበር። ዕለቱ ሐሩር ነበር፤ አስፋልቱም ከፈሰሰ ብዙ ስላልቆየ የሴቶቹ ባለ ታኮ ጫማ እየሰመጠ እንዳስቸገረ የፓርኩ ታሪክ ሲወራ ሳይነሳ አይቀርም። ዛሬ ወደ መዝናኛ ፓርክ በባለ ታኮ የሚሄድ ጥቂት ነው፤ ቦታውን ስኒከር ወስዶታል። የአመራረጡ ልማድ ግን ብዙም አልተለወጠም። ለትኬቱ፣ ለአውሮፕላኑና ለሆቴሉ ወራት ሙሉ ሲያወጣና ሲያወርድ የከረመ ቤተሰብ፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆምበትን ጫማ ሱቅ ውስጥ ሁለት እርምጃ ሞክሮ «ለስላሳ ነው» ብሎ ይገዛል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚሰማን ምቾት ያረፈ እግር ምስክርነት ነው። ጫማው የሚፈተነው ግን ቀኑ ሲገባደድ፣ ባበጠና በደከመ እግር ሥር ነው፤ ያውም ከመራመዱ ይልቅ በመቆሙ።

የፍሎሪዳውን ዋልት ዲዝኒ ዎርልድ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኦርላንዶ አጠገብ የተከፈተው ይህ ስፍራ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ሲሆን ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስና አኒማል ኪንግደም የተባሉ አራት ፓርኮች አሉት። በኤፕኮት ሐይቁን ከበው የተሠሩትን የ11 አገሮች ማሳያዎች አንድ ጊዜ ለመዞር ብቻ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገብቶ እስከ ምሽቱ ርችት የሚቆይ ጎብኚ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ቢራመድ የሚገርም አይደለም። ግን ርቀቱ ብቻውን እግርን አይጎዳም፤ ገጠር ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መንገድ ተጉዞ ገበያ ውሎ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። ፓርኩን የተለየ የሚያደርገው ወረፋው ነው፦ በኮንክሪት ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ግማሽ እርምጃ መጠጋት፣ እንደገና መቆም። ስንራመድ የባታችን ጡንቻ በየእርምጃው እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ዝም ብለን ስንቆም ይህ ግፊት ስለሚቀንስ ፈሳሹ ወደ እግር ይወርዳል። በኦርላንዶ በጋ ሙቀቱ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ሙቀት ደግሞ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ እብጠቱን ያባብሰዋል። ጠዋት ልክክ ብሎ የገባ ጫማ ማታ የሚጠበው ለዚህ ነው። ጫማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው እግሩ ነው።

የጫማውን አሠራር ማወቅ ልስላሴ ለምን እንደሚያታልል ያሳያል። የዛሬ ስኒከር ከሥር ሦስት ንብርብር አለው፦ መሬት የሚነካው ላስቲክ፣ መካከል ያለው ወፍራም ፎም፣ እና እግር የሚያርፍበት ስስ የውስጥ ሶል። ሥራውን በአብዛኛው የሚሸከመው መካከለኛው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በብዛት የሚሠራው ኢቪኤ ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የበዙ፣ ግን የተዘጉና አየር የያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች አሉት። ስንረግጠው ይጨመቃል፣ ስናነሳ ይመለሳል። የሚሮጥ ሰው እግሩ አየር ላይ በሆነ ቁጥር ለፎሙ ፋታ ይሰጠዋል። ወረፋ የቆመ ሰው ግን ፋታ አይሰጠውም፤ በጣም ለስላሳ የሆነው ፎም እንደተጨመቀ ይቆያል፣ እግር ይሰምጣል፣ ቁርጭምጭሚት ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ያን መዋለል ለማረም የእግርና የባት ጡንቻዎች ሳናውቀው ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፤ ማታ የሚሰማን ዝለት በከፊል የዚህ ውጤት ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ሲጫኑት ጥቂት ሰጥቶ የሚቆም፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ፣ ተረከዝን ከኋላ ጠንከር አድርጎ የሚይዝ ጫማ ነው። ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ እንደ ጨርቅ ለመጠምዘዝ መሞከር ጥሩ ፈተና ነው፤ በቀላሉ ከተጠማዘዘ ለረጅም መቆም አይሆንም። ሲያጥፉትም መታጠፍ ያለበት ከጣቶቹ ሥር እንጂ መሐል ላይ አይደለም።

ከፎሙ ይልቅ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በልኩ ነው። በአሜሪካ የጫማ መደብሮች የሚታየውን የብረት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሠራው የሰራኪዩሱ ቻርልስ ብራኖክ ነው። መሣሪያው የሚለካው ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት መገጣጠሚያ ያለውንና የእግሩን ስፋት ጭምር ነው። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ሰዎች እኩል ርዝመት ያለው እግር ኖሯቸው አንዱ አጭር ጣት፣ ሌላው ረጅም ጣት ሊኖረው ይችላል፤ ጫማው ደግሞ መታጠፍ ያለበት እግሩ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። እኛ የለመድነው የአውሮፓ ቁጥር በአንድ ቁጥር ሁለት ሦስተኛ ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ የአሜሪካው ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ግማሽ ቁጥሩ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። «እኔ 41 ነኝ» ብሎ ሰንጠረዥ አይቶ ማዘዝ እንግዲህ ግምት ነው። ስፋት ደግሞ ራሱን የቻለ ልክ ነው፤ በአሜሪካ ለወንድ መደበኛው ዲ፣ ለሴት ቢ ሲሆን ከዚያ የሰፋ እግር ያለው ሰው ቁጥር በመጨመር ብቻ አይድንም፤ ተረከዙ ይላላበታል። ልኩ የሚወሰደው ከሰዓት በኋላ፣ ፓርኩ ውስጥ በሚደረገው ካልሲ፣ ቆሞ፣ ሁለቱም እግር ተለክቶ ነው፤ የሚገዛውም ለተለቀው እግር። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ሊቀር ይገባል። «ሲለበስ ይላላል» የሚለውን የሻጭ ማጽናኛ አለመቀበል ነው፤ ዛሬ የጠበበ ጫማ ያበጠ እግር ሲገባበት የባሰ ይጠባል።

ልኩ ከተገኘ በኋላ ምቾት እንዲህ ከባድ ዳኛ መሆን አለበት ወይ፣ ባለሙያ የእግራችንን ቅርጽ አይቶ ቢመርጥልን አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመዝናል። በአሜሪካ ጦር፣ አየር ኃይልና ማሪን ኮር ምልምሎች ላይ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 በወጡ ሦስት ጥናቶች፣ የመሮጫ ጫማ እንደ ውስጥ እግር ቅርጽ ታይቶ የተሰጣቸው ሰዎች ይህ ካልተደረገላቸው ያነሰ ጉዳት አልደረሰባቸውም። በመለካት የሚገኘው ልክ ነው፤ የቀረውን እግሩ ራሱ ይናገራል፣ በቂ ጊዜ ከተሰጠው። አንድ ከባድ ልዩነት ግን አለ። በስኳር ሕመም ምክንያት የእግሩ ስሜት የደነዘዘ ሰው በምቾት ሊመራ አይችልም፤ ቁስሉ ሳይሰማው ሊከፋበት ስለሚችል ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከርና ማታ ማታ ውስጥ እግሩን ማየት የግድ ነው።

ሰንደል ወይም ነጠላ ጫማ ይሻላል የሚሉ ወገኖች ሙቀቱንና ውሃውን ያነሳሉ፤ እውነትም በአኒማል ኪንግደም ካሊ ሪቨር ራፒድስ የተሰኘው ጀልባ ላይ የወጣ ሰው ርሶ ይወርዳል፣ በበጋ ከሰዓት በኋላም ዶፍ ዝናብ የተለመደ ነው። ከኋላ ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ሰንደል ያስኬዳል። ነጠላ ጫማ ግን እንዳይወልቅ ጣቶቹ በየእርምጃው ይጨብጡታል፤ እግር ተንጠልጥሎ በሚኬድባቸው መጫወቻዎች ላይም ሊወድቅ ይችላል። ለተዘጋ ጫማ የውሃው መልስ ካልሲ ነው። ውሃ የሚቋጥረው ቆዳው ከላይ ስለተፋቀ ብቻ አይደለም፤ አጥንቱ ወደ ፊት ሲሄድ ከካልሲው ጋር የተጣበቀው ቆዳ ወደ ኋላ ስለሚቀር መካከሉ ይሰነጠቅና ፈሳሽ ይሞላዋል። እርጥበት ይህን መጣበቅ ይጨምራል፣ ጥጥ ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ የሱፍ ወይም የሲንቴቲክ ካልሲ፣ ቦርሳ ውስጥም አንድ ቅያሪ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የረጅም ርቀት ሯጮች ጥናት ተራ የወረቀት ፕላስተር አስቀድሞ በተለጠፈበት ቦታ ውሃ መቋጠርን በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ ማሸነፉን እያነሳ ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ታሪኩ ግን የሚያግዘው ይህንኑ ክርክር ነው። አበበ ጫማውን የተወው ለውድድሩ የቀረበለት አዲስ ጫማ ስላልተስማማው ነበር፤ በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ በልምምድ ያውቀዋል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ እንደገና አሸነፈ። ያልተላመዱትን ጫማ ይዞ ወደ ትልቅ ቀን አለመግባትን ከእርሱ መማር ይቻላል። አዲስ ጫማ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ተገዝቶ ረጅም የእግር መንገድ ሊኬድበት፣ ወጥ ቤትም ቆመው ሲሠሩ ሊደረግ ይገባል።

ገንዘብ ለቸገረው ደግሞ ውድ ጫማ የግድ አይደለም፤ ቤት ያለው አሮጌ ስኒከር በቂ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ካላዘነበለ፣ የሶሉ ጎን ተሸብሽቦ ካልቀረ፣ ተረከዙም ካልተበላ ገና አላለቀም። ሁለት ጥንድ ያለው በየቀኑ ቢቀያይር ፎሙ ፋታ ያገኛል፣ እርጥበቱ ይደርቃል፣ በአንዱ የተጫነው የእግር ክፍልም በሌላው ያርፋል። ሻንጣ ከጠበበም ሰፋ ያለውን ጥንድ ለበረራው ማድረግ ነው፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ተቀምጦ የተጓዘ እግር ፓርኩ ከመድረሱ በፊት ማበጥ ይጀምራል።