የራሺድ ካን የእጅ አንጓ

የራሺድ ካንን ችሎታ ክሪኬት አይቶ ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት ከእጅ አንጓው መጀመር ይሻላል። በክሪኬት ወርዋሪው ክርኑን አጥፎ ሳይዘረጋ ኳሷን ወደ መቺው ይልካል። መቺው በጠፍጣፋ ዱላ እየመለሰ ነጥብ ይሰበስባል፤ ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶችም ይጠብቃል። ኳሷ እንጨቶቹን ካገኘች፣ ወይም እሱ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ ተራው አበቃ፤ ከሜዳ ይወጣል።

ብዙ ወርዋሪዎች መቺውን የሚያስፈሩት በፍጥነት ነው። ራሺድ ግን ኳሷን በአንጓው እንደ እንዝርት ያሾራታል፤ መሬት ነክታ ስትነሳ አቅጣጫ ትቀይራለች። አንዷ ከቀኝ እጅ መቺ ትሸሻለች፤ ሌላዋ፣ ከዚያችው ክንድ በዚያው አወራወር የወጣች የምትመስለው፣ ወደ እሱ ትገባለች። ኳስ የሚያሾሩ ሌሎች ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ ዝግ ብለው ይወረውራሉ፤ እሱ ክንዱን ስለሚያፈጥን መቺው የትኛዋ እንደመጣች የሚለይበት ጊዜ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ራሺድ በ1998 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍጋኒስታን፣ በናንጋርሃር ተወለደ። ቤተሰቡ ከጦርነት ሸሽቶ ፓኪስታን ከተሰደዱት አንዱ ነበር። የአፍጋኒስታን ክሪኬት ራሱ የስደት ልጅ ነው፦ በፔሻዋር ዙሪያ በነበሩ የስደተኞች ሰፈሮች ያደጉ ወጣቶች ጨዋታውን ከዚያ ይዘው ተመለሱ። እሱም ጨዋታውን የጀመረው ከወንድሞቹ ጋር ነው። ብሔራዊ ቡድኑ ለረጅም ጊዜ እንግዶቹን የሚቀበለው በሰው አገር ሜዳ ነበር፤ አንዱ በዓረብ ኤምሬቶች ያለው ሻርጃ ነው። በዚያ አካባቢ የሚሠሩ ወገኖቻችን አርብ አርብ የእስያ ሠራተኞች በባዶ ቦታ ላይ ዱላና ኳስ ይዘው ሲጫወቱ አይተው ይሆናል፤ ጨዋታው ያው ነው።

በጥቅምት 2015 ዚምባብዌ ውስጥ፣ ቡላዋዮ ላይ ለአገሩ ሲሰለፍ ዕድሜው 17 ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው በጣም ፈጣን ነው። በየካቲት 2017 የሕንድ ሊግ ጨረታ ላይ የሃይደራባድ ቡድን በ40 ሚሊዮን ሩፒ ወሰደው፤ በዚያው ዕለት ያው ቡድን የአገሩን ልጅ መሐመድ ነቢንም ወስዷል። በሰኔ ወር ሴንት ሉሺያ ላይ 18 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ሰባት የዌስት ኢንዲስ መቺዎችን አስወጣ። በ2018 መጀመሪያ፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በአንድ ቀን ጨዋታ የዓለም ቁጥር አንድ ወርዋሪ ተባለ።

እኔ ግን ይህን ወጣት ያወቅሁት ከክብሩ ይልቅ በተመታባቸው ቀኖች ነው። ስሙን ያተረፈው በሰዓታት በሚያልቁ ጨዋታዎች ነበር። አምስት ቀን ሊዘልቅ የሚችለው ረጅሙ ጨዋታ፣ ቴስት የሚሉት፣ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መቺው አይቸኩልም፣ ወርዋሪውን እስኪደክም ይጠብቀዋል። አፍጋኒስታን የመጀመሪያ ቴስቷን በሰኔ 2018 ቤንጋሉሩ ላይ ስታደርግ ሕንድ በሁለት ቀን ውስጥ አሸነፈቻት፤ ራሺድ 154 ነጥብ ሰጥቶ ሁለት ሰው ብቻ አስወጣ። በዓመቱ በዓለም ዋንጫ ማንቸስተር ላይ የእንግሊዝ መቺዎች በ54 ኳስ 110 ነጥብ ወሰዱበት፤ አንድም ሰው አላስወጣም። በሁለቱ መካከል፣ በታኅሣሥ 2018 መጨረሻ፣ አውስትራሊያ ሊግ ውስጥ ሳለ አባቱ ሞቱ። በማግስቱ ለአደሌድ ቡድን ተሰለፈ። ሐዘን ቤት መቀመጥ ለለመደ ሕዝብ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው፤ እኔ ግን ልፈርድበት አልደፍርም።

ከማንቸስተር ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2019፣ ቻቶግራም ላይ ከባንግላዴሽ ጋር በተደረገው ቴስት አገሩን በአምበልነት መራ። ገና 21 አልሞላውም፤ በቴስት ታሪክ ከእሱ ያነሰ አምበል አልነበረም። በዱላው በመጀመሪያው ዙር 51 ነጥብ አመጣ፣ በኳሱ በሁለቱ ዙር 11 ሰው አስወጣ። በመጨረሻው ቀን ዝናቡ ጨዋታውን ደጋግሞ አቋረጠ፤ ባንግላዴሽም አቻ ለመውጣት ጥቂት መቆየት ብቻ ነበረባት። የመጨረሻውን መቺ ያስወጣው ራሱ ራሺድ ነው፤ አፍጋኒስታን በ224 ነጥብ ልዩነት አሸነፈች።