ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ ስለ ድምፅ ካርድ አመራረጥ

አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ የተናገሩት፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሳይሰማ የሚቀር መሆኑን ለማስረዳት ነው። እኔ ግን ባለፈው ዓመት የዚህን ተረት ሌላ ፍች በገንዘቤ ገዝቼ ተማርሁ። ታሪኩ የሚያሳፍረኝ ቢሆንም ቅሉ፤ ከደመወዙ ቆጥቦ ለኮምፒዩተሩ የድምፅ ካርድ ለመግዛት የሚያስብ ተማሪ ወይም ወጣት ሠራተኛ ይማርበት እንደ ሆነ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማታ ከሥራ ገብቼ ሙዚቃ ሳዳምጥም ሆነ ጌም ስጫወት፤ ከስፒከሮቼ ውስጥ እንደ ንብ መንጋ «እምምም» የሚል ድምፅ አይጠፋም ነበር። ጥፋቱ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የተሠራው የድምፅ ክፍል ነው ብዬ ስለ ፈረድሁ፤ አራት ወር ሙሉ ምሳዬን ከቤት እየቋጠርሁ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ይዤ ገበያ ወጣሁ። ባለሱቁ ካርዱን ከነካርቶኑ አቅርቦ «ይህን ከገጠምህ ሌላ ዓለም ነው» አለኝ። በካርቶኑ ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች ልቤን አሸፈቱት፤ ከፈልሁ። ቤት ገብቼ ገጠምሁት። ንቦቹ እንዳሉ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን መጡ። ካርዱን አላዩትም፤ የተመለከቱት ግድግዳውን ነው።

«ልጄ፤ የኮምፒዩተሩን ቆርቆሮ ስትነካው ይነዝርሃል?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ፤ አልፎ አልፎ ጣቴን ይነዝረኛል።»

«እንግዲያው በሽታው ከዚህ ነው» ብለው ሶኬቱን ፈቱት። ሦስተኛው ሽቦ፤ ይኸውም ወደ መሬት የሚወርደው መስመር፤ ከነጭራሹ አልተቀጠለም ነበር። እርሳቸው መስመሩን አበጅተው ሲጨርሱ ንቦቹ ተሰደዱ። ለሽቦው ያወጣሁት ገንዘብ ከካርዱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ከድምፁም በላይ ደግሞ ለሕይወቴ የሚያሰጋ ነገር ተወገደልኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው፤ የገዛሁት ዕቃ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የተነሣሁት። ሰው መማር የነበረበት ከመግዛቱ በፊት ነው፤ ይሁን እንጂ ከነአካቴው ካለመማር ይሻላል።

በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ዘፈን የቁጥር ረድፍ እንጂ ሌላ አይደለም። የድምፅ ካርድ ሥራ ይህን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መለወጥና ለማዳመጫው የሚበቃ ኃይል መስጠት ነው። በ1982 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚሁ) ለገበያ የቀረበው ሲዲ፤ ለአንድ ሴኮንድ ድምፅ 44,100 ቁጥሮችን ለየጆሮው ይመድባል። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው፤ አንድን ሞገድ ለመያዝ ደግሞ ከእጥፉ ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ይበቃል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ «192,000» የሚለውን ያየ ገዢ አይደንግጥ፤ ልዩነቱን መሣሪያ ይለካዋል እንጂ ጆሮ አይሰማውም። የሲዲው 16 ቢትም ቢሆን ከለሆሳሱ እስከ ጩኸቱ ወደ 96 ዴሲቤል የሚደርስ ርቀት ይሰጣል፤ ካሴት ከዚህ በብዙ ያንሳል። ከአባቶቻችን ካሴት ተገልብጦ የደረሰን የቆየ ዘፈን፤ በምንም ዓይነት ካርድ ቢጫወት ክሩ ያልያዘውን ድምፅ አያወጣም።

ታዲያ የድምፅ ካርድ ይህን ያህል ስም ያገኘው ከየት ነው? በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር ያለው ድምፅ የአንዲት ትንሽ ስፒከር ጲጵታ ብቻ ነበር። በ1987 የካናዳው አድሊብ ዘጠኝ ድምፆችን በአንድነት የሚያሰማ ካርድ አወጣ፤ ጌም ከዚያ ወዲህ ዜማ አገኘ። በ1989 ደግሞ የሲንጋፖሩ ክሪዬቲቭ ሳውንድ ብላስተርን አቀረበ። ኩባንያውን በ1981 በኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ የጀመሩትና በ2023 ያረፉት ሲም ዎንግ ሁ ናቸው። ካርዳቸው ከዜማው ሌላ የተቀዳ የሰው ድምፅና የፍንዳታ ድምፅ ስለሚያሰማ፤ የጌም መቆጣጠሪያም ስለሚሰካበት፤ የዚያን ጊዜ ተጫዋች ያለ እርሱ አይሆንለትም ነበር።

ነገር ግን ዘመኑ ተለወጠ። በ1997 ኢንቴል ኤሲ 97 የተባለውን፤ በ2004 ደግሞ የተሻለውን ኤችዲ ኦዲዮ ሥርዓት ሲያወጣ፤ ድምፅ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ መሠራት የተለመደ ሆነ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ጌሞች የካርዱን ጉልበት በቀጥታ የሚጠቀሙበትን የቆየ መንገድ ዘጋ። ዛሬ የጌም ድምፅ በአብዛኛው የሚሰላው በራሱ በኮምፒዩተሩ ዋና አንጎል ነው። እንግዲህ ካርዱ የግድ መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆኗል።

በጌም ጊዜ ከኋላ የሚመጣውን የጠላት ኮቴ ለመለየት፤ ብዙዎች «7.1» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ይሻሉ። ይሁንና ፈጣሪ ለሰው የሰጠው ሁለት ጆሮ ነው። አንጎላችን አቅጣጫን የሚለየው፤ ድምፁ ወደ አንዱ ጆሮ ከሌላው ቀድሞ በመድረሱ (ልዩነቱ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ያነሰ ነው)፤ እንዲሁም በራስና በጆሮ ቅርጽ ድምፁ በመለወጡ ነው። ይህን ጌሙ ራሱ አስልቶ በተራ ባለሁለት መስመር ማዳመጫ ሊያሰማን ይችላል። በክፍሉ ዙሪያ ስድስት ወይም ስምንት ስፒከር የሚተክል ሰው ግን፤ ለሁሉም መሰኪያ መኖሩን አይቶ ይግዛ።

ታዲያ ካርድ የሚገዛው ለምን ጉዳይ ነው? በእኔ አስተያየት ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የውስጥ ጫጫታ ነው። ማውሱ ሲንቀሳቀስ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ሲጨነቅ በማዳመጫው ውስጥ ሲር የሚል ድምፅ ከተሰማ፤ የኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ ወደ ድምፁ መስመር እየገባ ነው። ለዚህ ከሣጥኑ ውጭ በዩኤስቢ የሚሰካው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከውስጠኛው ይሻላል። ላፕቶፕ ያለውም ሰው የውስጥ ካርድ የሚገጥምበት ቦታ ስለሌለው ምርጫው ይኸው ነው። ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ወጣት ሠራተኛም በኪሱ ይዞት ይሄዳል።

ሁለተኛው የማዳመጫው ክብደት ነው፤ ክብደት ስል ሚዛኑን ሳይሆን በኦም የሚለካውን ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ ነው። 32 ኦም ገደማ የሆነውን የትኛውም መሰኪያ ያንቀሳቅሰዋል፤ እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለውን ባለ 300 ኦም ግን ደካማ መሰኪያ በሚገባ አያስጮኸውም።

ሦስተኛው ቀረጻ ነው። ክራሩን ወይም የራሱን ድምፅ ለመቅዳት የሚፈልግ ሰው የጌም ካርድ አይግዛ፤ ለማይክሮፎን የተዘጋጀ መግቢያ ያለውን ኦዲዮ ኢንተርፌስ የተባለውን መሣሪያ ይግዛ።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱም የማይነካው ሰው፤ ገንዘቡን ለተሻለ ማዳመጫ ቢያደርገው ለውጡን በመጀመሪያው ዘፈን ያገኘዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ከመግዛት በፊት መፈተን ይገባል። ከጓደኛ ካርዱን ተዋሱ፤ የሁለቱን ጩኸት መጠን እኩል አድርጉ፤ ጥቂት ጎላ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማልና። ከዚያም ፊታችሁን መልሳችሁ ጓደኛችሁ ሳይነግራችሁ አሥር ጊዜ ያህል ያለዋውጥላችሁ፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በወረቀት ጻፉ። እኔ በገዛ ካርዴ ይህን ፈተና በተቀመጥሁ ጊዜ ያገኘሁት አምስት ከአሥር ነው፤ ሳንቲም ወርውሬ ብገምት ከማገኘው አይበልጥም። ከዚያ በፊት ግን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ «ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው» እያልሁ ሳወራ ነበር። ዋሽቼ አይደለም፤ በእውነት የሰማሁ መስሎኝ ነው። የአራት ወር ምሳዬ በጆሮዬ ውስጥ ሆኖ ይመሰክር ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ የሚሆነው እንግዲህ በሐሜት ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ከተከፈለ በኋላም ነው። ካርዱን ለሚቀዳበት ጓደኛዬ ሰጠሁት። ሶኬቴ ግን ደኅና ነው።