ስለ ሞተር ዙር ቈጣሪና ስለ ማቀጣጠያው ሽቦ ምርመራ

ሞተሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚያሳየው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ከመሪው ፊት ለፊት ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ይገኛል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ በ1000 የሚባዛ ስለሆነ፣ መርፌው 3 ላይ ሲቆም ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ረጅም ቍልቍለት በዝቅተኛ ማርሽ ለሚወርድ ሾፌር፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ እንዳይዞር የሚያስጠነቅቀው ይህ መርፌ ነው።

መርፌው ዝም ባለ ወይም በተንቀጠቀጠ ጊዜ ብዙ ባለመኪናዎች መሣሪያው ተበላሽቷል በማለት አዲስ ለመግዛት ይቸኵላሉ። ነገር ግን መርፌው ከራሱ የሚናገረው የለም፤ ከማቀጣጠያው መስመር የሰማውን ብቻ ይመሰክራል። ስለዚህ ምስክሩን ከመክሰስ አስቀድሞ ወሬው የሚመጣበትን መንገድ መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የሚሰጠው ማብራሪያ በባትሪ፣ በቦቢናና በፑንቲና የሚሠሩትን የቀድሞ የቤንዚን መኪናዎች የሚመለከት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቍልፉ ሲከፈት የባትሪው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ውስጥ አልፎ ወደ ፑንቲናው ይደርሳል። ፑንቲናው ሲገጥም ኤሌክትሪኩ ወደ መኪናው አካል ያልፋል፤ ሲከፈት ግን በድንገት ይቋረጣል። በዚያች ቅጽበት በቦቢናው ውስጥ ከ10000 ቮልት የሚበልጥ ኀይል ይፈጠርና በካንዴላው ጫፍ ላይ ፍንጣሪ ይሰጣል። አራት ምት ያለው ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር 2 ፍንጣሪ፣ ባለ 6 ሲሊንደር 3፣ ባለ 8 ሲሊንደር 4 ያስፈልገዋል። እንግዲህ ባለ 4 ሲሊንደሩ ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው በየሴኮንዱ 100 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። ዙር ቈጣሪው የሚቈጥረው ይህን መከፈት ነው።

ወደ መሣሪያው የሚገቡት ሽቦዎች ዐይነተኞቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ቍልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው፣ ሁለተኛው ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው፣ ሦስተኛው ከፑንቲናው ጋር ከሚገናኘው የቦቢና ጫፍ የሚመጣው የምልክት ሽቦ ነው። ለሰሌዳው መብራት የሚሆን አራተኛ ሽቦም ይኖራል። እንደ ቮልስዋገን ባሉት የጀርመን መኪናዎች እነዚህ በየተራ 15፣ 31፣ 1 እና 58 በሚሉት ቍጥሮች ይታወቃሉ።

ምርመራው በሚከተለው ተራ ቢካሄድ መልካም ነው።

1ኛ. ቍልፉን ከፍቶ ኤሌክትሪክ ወደ መሣሪያው መድረሱን በመፈተሻ አምፖል ማረጋገጥ። ካልደረሰ ጥፋቱ በፊውዙ ወይም በቍልፉ መስመር ላይ ነው።

2ኛ. ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘውን ሽቦ ማየት። ብረቱ ዝገት ወይም ቀለም ካለበት እስኪነጣ ድረስ ፍቆ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

3ኛ. የምልክቱን ሽቦ መፈተሽ። የአምፖሉን አንድ ጫፍ በመኪናው አካል፣ ሌላውን በቦቢናው የምልክት ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ ረዳት ሞተሩን ሲያስነሣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። በቦቢናው ዘንድ እየበራ በመሣሪያው ዘንድ ካልበራ ሽቦው መካከል ላይ ተቈርጧል። በሁለቱም ዘንድ ከበራና የቀሩት ሁለት ሽቦዎች ደኅና ከሆኑ፣ ያን ጊዜ መሣሪያውን መጠርጠር ይቻላል።

የምልክቱ ሽቦ በስሕተት በቦቢናው ሌላ ጫፍ ላይ ከታሰረ መርፌው አይነሣም። ለባለ 4 ሲሊንደር የተዘጋጀ መሣሪያ በባለ 6 ሲሊንደር ላይ ቢገጠም ደግሞ 900 ዙር የሚዞረውን ሞተር 1350 ብሎ ያሳያል። ሞተሩ በጸጥታ እየሠራ መርፌው ብቻ ቢዘል ሽቦው ላልቷል፣ ወይም ከካንዴላ ሽቦዎች ጋር ተጠግቶ ተዘርግቷል። ሞተሩና መርፌው አብረው ቢንገጫገጩ ግን ፑንቲናውን፣ ኮንደንሰሩንና የቦቢናውን ማሰሪያዎች መመርመር ነው። ሞተሩ አልነሣ ሲል መርፌው ጥቂት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ፑንቲናው እየሠራ ስለሆነ፣ ጥፋቱን በካንዴላዎች፣ በዲስትሪቢውተሩ ክዳን ወይም በቤንዚኑ በኩል መፈለግ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ነገር የሚከተለው ነው። የምልክቱ ሽቦ ልባሱ ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ፣ ፑንቲናው ቢከፈትም ኤሌክትሪኩ አይቋረጥም፤ ፍንጣሪም አይኖርም፤ ሞተሩ በመንገድ ላይ ሳለ በድንገት ይጠፋል። ፍሬናቸው በሞተሩ ኀይል በሚታገዝ መኪናዎች ላይ ይህ በቍልቍለት ላይ ቢደርስ አደጋው ከባድ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲጠረጠር የምልክቱን ሽቦ ከቦቢናው ላይ መፍታት ነው፤ ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ምክንያቱ ታውቋል። ይህን ለመከላከል ሽቦው የብረት ግድግዳውን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ መከለያ ማድረግና ከጭስ ማውጫው ማራቅ ያስፈልጋል።

በ1960ዎቹ (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በተሠሩ አንዳንድ የእንግሊዝ መኪናዎች ግን ቦቢናውን የሚመግበው ሽቦ ራሱ በመሣሪያው ጀርባ ዞሮ ያልፋል። በእነዚህ ላይ ሽቦውን መፍታት ሞተሩን ማጥፋት ስለሆነ፣ አስቀድሞ የመኪናውን የሽቦ ሥዕል መመልከት ያሻል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላና ፍንጣሪ ስለሌለው፣ በኮምፒዩተር የሚመሩት አዲሶቹ መኪናዎችም ምልክቱን ከሌላ መሣሪያ ስለሚቀበሉ፣ ይህ ምርመራ አይመለከታቸውም።

ሥራው ሲጀመር የባትሪውን የአካል ሽቦ መፍታት፣ ለመፈተሽ ብቻ መልሶ ማሰር፣ ሞተሩ ሲዞር የካንዴላን ሽቦ በእጅ አለመንካት፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ቍልፉን ከፍቶ አለመተው ያስፈልጋል፤ ፑንቲናው ገጥሞ ከሆነ ቦቢናው ይቃጠላልና።

የመንግሥት መኪና በኀላፊነት የያዙ ሹማምንትም አዲስ መሣሪያ እንዲገዛ ጥያቄ ሲቀርብላቸው፣ ሦስቱ ሽቦዎች መመርመራቸውንና ውጤቱን ሜካኒኩ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ቢያዙ፣ የሕዝብ ገንዘብ ከከንቱ ወጪ፣ ተሳፋሪውም ከአደጋ ይድናል።