የዘንባባ ችግኝ ዕቃ በምን ይለካል?

አንድ የቴምር ዘር በትንሽ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ተዘርቶ ሲበቅል ከላይ የሚታየው እንደ ሣር የቀጠነች አንዲት ቅጠል ናት። አብቃዩ ቅጠሏን አይቶ ችግኙ ገና ጨቅላ ነው ይላል፤ ሌላ ዕቃ ለመፈለግም አይቸኩልም። ቆርቆሮው ቢቀደድ ግን ሥሩ ግርጌውን ከነካ መቆየቱ፣ ታጥፎም በዙሪያው መጠምጠም መጀመሩ ይታያል። ዘንባባን ከዘር በማፍላት ሥራ ላይ ለሚደርሰው ኪሳራ አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው፤ ዕቃው በቅጠሉ ቁመት ይመረጣል፣ ቅጠሉ ግን ስለ ሥሩ የሚናገረው ጥቂት ነው።

በአማርኛ ዘንባባ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው በወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ ለሆሳዕና ቅጠሉ ተጎንጉኖ በግንባርና በጣት የሚታሰረው ዛፍ ነው። በዕፅዋት ጥናት ግን ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ቴምርና ኮኮናት በዚሁ ውስጥ ይገባሉ። በአፋር ቆላ ቅጠሉ ለሰሌን የሚቆረጠው፣ ግንዱ ወደ ላይ እየሄደ በሁለት የሚከፈለው ዱምም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ በጋምቤላ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ቦራሰስም እንዲሁ። ሁሉም እንደ በቆሎና እንደ ጤፍ ባለ አንድ ክክ ዘር ናቸው። ባቄላ ሲፈለጥ ሁለት ክክ ይወጣዋል፤ የእነዚህ ዘር ግን እንደዚያ አይከፈልም። ልዩነቱ በዘሩ ብቻ አያበቃም፤ ሥሩ የሚሠራበትን መንገድም ይወስናል።

የባሕር ዛፍ ወይም የማንጎ ሥር ከዓመት ዓመት ይወፍራል፣ ሲቆረጥም ከቁራጩ አጠገብ ቅርንጫፍ ያወጣል። የዘንባባ ሥር እንዲህ አይደለም። ሲወለድ የነበረውን ውፍረት እንደያዘ ያረጃል። ከዘሩ መጀመሪያ የሚወጣው ሥርም የዕድሜ ልክ ዋና ሥር ሆኖ አይቀጥልም፤ ከጊዜ በኋላ ከግንዱ ግርጌ ዙሪያ በሚፈልቁ አዳዲስ ሥሮች ይተካል። የበቆሎን እግር ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የዘንባባ ዓይነቶች፣ ቴምርን ጨምሮ፣ በሌሎች ተክሎች ሥር ጫፍ ላይ የሚታየው ውኃ የሚመጥ ጥቃቅን ፀጉር የላቸውም። ውኃና ማዕድን የሚስቡት በጣም በቀጠኑት የመጨረሻ ቅርንጫፎቻቸው ነው፤ እነዚህ ደግሞ አፈሩ ሲናድ መጀመሪያ የሚበጠሱት ናቸው።

የተቆረጠ ሥር ምን ይሆናል? መልሱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ቲሞቲ ብሮሻትና ሄንሪ ዶንሰልማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ሳባል የሚባለው የአገሩ ዘንባባ ሥሩ ሲቆረጥ ቁራጮቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደሚሞቱ፣ ዛፉም ከግንዱ ግርጌ አዲስ ሥር እስኪያወጣ መጠበቅ እንዳለበት አሳይተዋል። የኮኮናት ቁራጭ ሥሮች ግን ግማሽ ያህሉ ቅርንጫፍ አውጥተው ይቀጥላሉ። ጥናቱ የተደረገው ባደጉ ዛፎች ላይ ቢሆንም ለችግኝ የሚያስተምረው ነገር አለ። ያደገ ዛፍ አዲስ ሥር እስኪያበቅል ድረስ በግንዱ ካከማቸው ውኃና ምግብ ይኖራል፤ አንዲት ቅጠል ያላት ችግኝ ይህ ስንቅ የላትም።

ያላት ስንቅ በዘሩ ውስጥ ነው። ከዘሩ ጋር የሚያገናኛትን ክፍል እዚህ እትብት እንበለው፤ ሥራው ከዚያ አይለይምና። የቴምር ዘር ሲበቅል መጀመሪያ የሚወጣው ቅጠልም ሥርም አይደለም፤ ነጭ፣ ጣት መሰል ቱቦ ነው። ቱቦው ጽንሱን በጫፉ ይዞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሥሩ ወደ ታች፣ ቅጠሉ በቱቦው ጎን ባለው ስንጥቅ ወደ ላይ ይሄዳሉ። ዘሩ ቦታው ላይ ቀርቶ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሥጋውን ቀስ በቀስ እያሟሟ ለወራት በእትብቱ በኩል ይመግባል። ስለዚህ ችግኝ ሲዛወር ጎኗ ላይ ተንጠልጥሎ የሚታየውን ዘር ባዶ ቅርፊት መስሎት የሚነቅል ሰው የነቀለው የልጅን ጡት ነው።

በኮኮናት እትብቱ በጣም አጭር ስለሆነ ችግኙ ከፍሬው አጠገብ ይበቅላል። በዱምና በቦራሰስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የዱም እትብት ከአንድ ስንዝር በላይ ዘልቆ ይወርዳል፤ የቦራሰስ ክንድ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ጠቀሜታው ግልጽ ነው። የበጋ ሰደድ እሳት በሚያልፍበትና ከብት በሚረግጠው ሜዳ ላይ ጨቅላው ነፍሱን ከመሬት በታች ያስቀምጣል። ይህ ተፈጥሮ በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ግን ችግር ይሆናል። አንድ ስንዝር በማይሞላ ዕቃ የተዘራ ዱም ገና ሥር ሳያወጣ ጽንሱ ግርጌ ላይ ይደርሳል።

ግርጌ የነካ ሥር የሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ በስህተት ይነገራል። የሚፈራው መጠምጠሙ ነው። በማንጎ ወይም በጥድ ይህ ፍርሃት ትክክል ነው፤ የተጠመጠመው ሥር እየወፈረ ኋላ ዛፉን ራሱን ያንቀዋል። የዘንባባ ሥር ስለማይወፍር አያንቅም። ለዘንባባ አደገኛው ሥሩ መግፋቱን አለማቆሙ ነው። ወደ ታች መሄጃ ሲያጣ ችግኟን ወደ ላይ ያነሣታል፤ ግርጌዋ ከአፈሩ ይወጣል። አዳዲሶቹ ሥሮች የሚፈልቁት ደግሞ ከዚያው ከግርጌዋ ነው። አፈር በመንካት ፈንታ ደረቅ አየር ሲነኩ ጫፋቸው ደርቆ ይቆማል። ችግኟ በመጀመሪያው ሥር ብቻ ትቀራለች፤ እሱም ጊዜያዊ ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ ረጅም ዕቃን ይደግፋል። ታዲያ በርሜል ለምን አይሆንም? እዚህ ላይ የውኃው ጉዳይ ይገባል። ውኃ በዕቃ ውስጥ እንዴት እንደሚቀር ለማየት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በደንብ ነክሮ በአግድም መያዝ ይበቃል፤ ጥቂት ይንጠባጠብና ያቆማል። ያንኑ ስፖንጅ በቁመቱ ቢያቆሙት እንደገና ውኃ ይወርደዋል። በማንኛውም ዕቃ ውስጥ ያለ አፈርም ውኃው ወርዶ ካበቃ በኋላ ከግርጌው ላይ አየር የሌለው፣ ውኃ የሞላው ንብርብር ያስቀራል። የንብርብሩ ውፍረት የሚወሰነው በአፈሩ ዓይነት ነው፤ የዕቃው ቁመት አይለውጠውም።

ቁጥር ይዘን እንየው። ወርዱ 7.6፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ወደ 1.4 ሊትር አፈር ይይዛል። ወርዱ 15፣ ቁመቱ 7.7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድስት መሳይ ዕቃም የሚይዘው ያንኑ ያህል ነው። የአፈሩ እርጥብ ንብርብር 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በቱቦው ውስጥ ከ30ው 26ቱ ለሥር የሚተነፍስ ቦታ ነው። በድስቱ ግን ከግማሽ በላዩ ረግረግ ሆነ። ከታች ጠጠር ማድረግም ችግሩን አያቃልልም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚገባው አፈሩ ከጠገበ በኋላ ስለሆነ፣ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ አያስወግደውም። በርሜሉም የሚወድቀው በውኃ ምክንያት ነው። ቁመቱ መልካም ቢሆንም አንዲት ቀጭን ሥር ያን ሁሉ ውኃ አትጠጣውም፤ ሳይነካ የሚሰነብት እርጥብ አፈር ደግሞ ለሥር አበስባሽ ፈንገስ ይመቻል። የሚፈለገው ጠባብና ጥልቅ ዕቃ ነው።

ከምን ይሠራ? በአገራችን ችግኝ ጣቢያዎች የተለመደው ጥቁሩ የፕላስቲክ ቱቦ ለዚህ ሥራ ያለ ጥርጥር ይበጃል፤ ሲገዛ ግን አንድ ነገር ይታወቅ። የሚነገረው ስፋት ፕላስቲኩ ሳይሞላ ተነጥፎ የተለካው ነው። ተነጥፎ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ በአፈር ሲሞላ ወርዱ 7.6 ብቻ ይሆናል። ከጥቅልል የሚቆረጥ ስለሆነ ቁመቱን ገዢው ራሱ ይወስናል፤ ለባሕር ዛፍ 15 ሴንቲ ሜትር የሚቆርጥ እጅ ለቴምር 30 ለመቁረጥ የሚከፍለው ጥቂት ተጨማሪ ፕላስቲክ ነው። የጥቁሩ ፕላስቲክ ጉድለት ሙቀት ነው። የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው በፀሐይ በኩል ያለው አፈር ከ45 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ወገን ያሉ ቀጫጭን ሥሮች ይሞታሉ። ቱቦዎቹን አጠጋግቶ መደርደር፣ የዳሩን ረድፍ በአፈር ወይም በገለባ መከለል፣ ከላይም ዳስ መሥራት ይህን ያቃልላል።

ሸክላ በግድግዳው ውኃ ስለሚተን አፈሩን ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ሥር በውስጡ ገጽ ላይ ስለሚጣበቅ ሳይሰበር አይለቅም፤ ጥልቅ የሆነውም በቀላሉ አይገኝም። የ2 ሊትር ሃይላንድ ቁመቱ መልካም ነው። ብርሃን እንዳያስገባ በወረቀት ወይም በጭቃ ይሸፈን፣ ግርጌው በብዙ ቦታ ይበሳ። የደጋ ቀርከሃም ውስጡ ክፍት ስለሆነ በቁመቱ ተሰንጥቆ፣ እንደገና ታስሮ ጥሩ ቱቦ ይወጣዋል። የቆላው ሽመል ግን ግንዱ ድፍን ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። የማዳበሪያ ከረጢትን አልመክርም። ሥሩ በክሮቹ መካከል ያልፍና ከረጢቱ ሲወጣ ይቆረጣል።

አንድ ልማድ ግን መተው አለበት። በችግኝ ጣቢያ ሥር ከቱቦው ወጥቶ መሬት ሲገባ ቱቦውን አንሥቶ መቁረጥ የተለመደ ነው። ለባሕር ዛፍ ይህ ቅርንጫፍ ያስወጣል፤ ለዘንባባ ችግኝ ግን ያለውን አንድ ሥር ማሳጣት ነው። ቱቦዎቹን ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወንፊት ላይ ማቆም ይሻላል። በዚያ ጊዜ ከግርጌ የሚወጣው ጫፍ ብቻ አየር መትቶት ይደርቃል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ሥርና አፈሩ ሳይነካካ ይቀራል። ችግኙ ወደ ቋሚ ቦታው ሲሄድም መነቀል የለበትም። ቱቦው ጉድጓዱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ በምላጭ በቁመቱ ይቀደድና ፕላስቲኩ ብቻ ይወጣል።

እንግዲህ ለቴምር ፍርዴ ይህ ነው፦ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቱቦ፣ በወንፊት ላይ፣ በጥላ ሥር፣ ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላ ሳይዛወር፣ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ አንድ ጊዜ ብቻ መትከል። ከዘር የሚበቅል ቴምር ግማሽ ያህሉ ፍሬ የማይሰጥ ወንድ እንደሚሆን፣ ሴቷም የእናቷን ዓይነት ፍሬ እንደማትደግም ይታወቅ። ፍሬ ፈላጊ ከእናት ዛፍ እግር ሥር የሚወጣውን ቡቃያ ይያዝ።

ለዱምና ለቦራሰስ ከተቻለ ዕቃ ይቅር። ዘሩ በክረምት መግቢያ በቋሚ ቦታው ይዘራና በእሾህ ይታጠር። እትብቱ ወርዶ፣ ሥሩ ተተክሎ ቅጠሉ ብቅ እስኪል ድረስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከላይ የሚታይ ምልክት የለም። ዘሩ ሞተ ብለው ለማየት የሚቆፍሩ ሰዎች የሚያገኙት የተበጠሰ እትብት ነው። እባክዎ አይቆፍሩት፤ አፈሩን እርጥብ አድርገው ይጠብቁት።