ሱማክ፣ የዕጢ ደም ሥርና የጡት ካንሰር፦ የአል አይን ምርምር ለሕመምተኞች ምን ይነግራል?

በቤተ ሙከራ የታየው ውጤት ተስፋ ሰጪ ቢሆንም፣ ቅመሙ የሐኪምን ሕክምና የሚተካ መድኃኒት አይደለም

በአል አይን ከተማ የሚገኘው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2016 «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ከዓረብ ማዕድ የማይጠፋውን ሱማክ ከጡት ካንሰር ጋር አገናኝቶታል። ጥናቱ እንደሚለው ከዚህ ቀይ ቅመም የተወሰደው ንጥር ዕጢውን የሚመግቡ አዳዲስ ደም ሥሮች እንዳይበቅሉ ገትቷል፤ የካንሰሩንም ዕድገትና ሥርጭት ቀንሷል።

እንዲህ ያለው ዜና ወደ ተራው ሰው ጆሮ ሲደርስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጥራል፦ «ሱማክ ካንሰርን ያድናል» ይባላል። ጥናቱ ግን ይህን አላለም። ልዩነቱን መረዳት በጡቷ ላይ እብጠት ላገኘች ሴት የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ዕጢ ደም ሥር የሚሻው ለምንድን ነው?

ማንኛውም ሕያው ሕዋስ ኦክስጅንና ምግብ ያስፈልገዋል። የካንሰር ዕጢም የራሱ የደም አቅርቦት ከሌለው ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር በላይ ማደግ ይሳነዋል። ስለዚህ በአቅራቢያው ያሉት ደም ሥሮች ወደ እርሱ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ የሚያነሣሡ ኬሚካላዊ መልእክቶችን ይልካል። በቦስተን ይሠሩ የነበሩት የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጁዳ ፎክማን ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ በ1971 ባቀረቡ ጊዜ ብዙዎች በጥርጣሬ ተመልክተውት ነበር። ከመልእክቶቹ ዋነኛው የሆነው «ቪኢጂኤፍ» የተባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ በ1989 ተለይቶ ታወቀ። እ.ኤ.አ በ1991 ደግሞ ሐኪሞች በጡት ዕጢ ውስጥ ጥቃቅን ደም ሥሮች በበዙ ቁጥር ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የመሠራጨት ዕድሉ ከፍ እንደሚል አመለከቱ።

እነዚህ ደም ሥሮች እንደ ጤነኞቹ አይደሉም። የተጠማዘዙና የሚያፈስሱ በመሆናቸው በዕጢው ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ መድኃኒትም በእኩል አይዳረስም። ኦክስጅን በሚያንስበት ቦታ የጨረር ሕክምና ኃይል ይቀንሳል። የዕጢው ደም ሥር ከሕክምናው ውጤት ጋር የሚተሳሰረው በዚህ ምክንያት ነው።

የአቫስቲን ትምህርት

መልእክቱን መግታት ከተቻለ ዕጢውን ማስራብ ይቻላል የሚለው ተስፋ «ቤቫሲዙማብ» የተባለውን፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን ተብሎ የሚታወቀውን መድኃኒት አስገኘ። ፓክሊታክሴል ከተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ጋር በተሰጠበት ጥናት፣ የተሠራጨ የጡት ካንሰር ያለባቸው ሴቶች በሽታው ሳይባባስ የቆዩበት ጊዜ ከ5.9 ወር ወደ 11.8 ወር ከፍ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በየካቲት 2008 እ.ኤ.አ የተፋጠነ ፈቃድ ሰጠ።

ሆኖም ሕመምተኞቹ በሕይወት የቆዩበት ጊዜ ሲሰላ 26.7 ወር ከ25.2 ወር ጋር ነበር፤ ይህም በስታቲስቲክስ ሚዛን ልዩነት ተብሎ የሚቆጠር አልሆነም። ተከታዮቹ ጥናቶችም ዕድሜ ማራዘሙን አላረጋገጡም። በአንጻሩ የደም ግፊት፣ የደም መፍሰስና አልፎ አልፎ የአንጀት መበሳት ታይቷል። አስተዳደሩ በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ ለጡት ካንሰር የሰጠውን ፈቃድ ሰረዘ። በአውሮፓ ግን ከፓክሊታክሴል ጋር እንዲሰጥ የተፈቀደው ጸንቶ ቆየ።

ምክንያቱ ዕጢ አንድ መንገድ ሲዘጋበት ሌላ መፈለጉ ነው። የዕጢ ሥዕል መቀነሱ ብቻ የሕመምተኛዋን ዕድሜ መርዘም እንደማያረጋግጥ ከዚህ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

በአል አይን የታየውና ያልታየው

የአል አይኑ ጥናት የተከናወነው «ሦስትዮሽ አሉታዊ» ከሚባለው የጡት ካንሰር በተወሰዱ፣ በቤተ ሙከራ በሚራቡ ሕዋሳት ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ካንሰር የሆርሞን ሕክምናም ሆነ «ኸር-2» የተባለውን ፕሮቲን የሚያጠቁት መድኃኒቶች ስለማይሠሩለት ለማከም አስቸጋሪ ነው። ዕጢው ያደገው ደግሞ በእንቁላል ውስጥ ባለ የዶሮ ሽል ሽፋን ላይ ነበር። ይኸው ቡድን ቀደም ሲል እ.ኤ.አ በ2013 መርደቁሽ በተሰኘው ሽታማ ቅጠል ላይ ተመሳሳይ ምርምር አሳትሟል።

የተሞከረው ንጥሩ እንጂ በሰላጣ ላይ የሚነሰነሰው ቅመም አይደለም፤ የተሞከረውም በሰው ላይ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ምርምሩ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው ፓክሊታክሴል ራሱ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ እ.ኤ.አ በ1962 ከተሰበሰበ በኋላ መድኃኒቱ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው በ1992 ነበር። በመካከሉ በነበሩት 30 ዓመታት ውስጥ መጠኑ፣ ጉዳቱና ጥቅሙ በሰው ላይም ተመዝኗል።

ሕክምናን አለማዘግየት

በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ2022 በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺሕ ያህሉ ሕይወታቸው አልፏል። በኢትዮጵያም የሴቶች ቀዳሚ ካንሰር ይኸው ነው። ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው በሽታው የተደረሰበት ደረጃ ነው።

የአቡ ዳቢ የጤና መምሪያ ዕድሜያቸው 40 የሞላ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ የማሞግራም ምርመራ እንዲያደርጉ ይመክራል። በኤሚሬቱ የውጭ አገር ሠራተኞችን የጤና መድን አሠሪው እንዲሸፍን በ2005 እ.ኤ.አ የወጣው ሕግ ያስገድዳል። የሽፋኑ መጠን እንደ መድን ዓይነቱ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። በአል አይን እ.ኤ.አ በ1979 የተከፈተው ተዋም ሆስፒታል ከአገሪቱ ነባር የካንሰር ሕክምና ማዕከላት አንዱ ነው። በአቡ ዳቢ ከተማም ክሊቭላንድ ክሊኒክ አቡ ዳቢና የሼኽ ሻኽቡጥ ሕክምና ከተማ ይገኛሉ።

የማያሳምም እብጠት፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ደም ማፍሰስ ዕድሜ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው።

ሱማክም ሆነ ጥቁር አዝሙድ በምግብነት ከማዕድ የሚወገዱ አይደሉም። ነገር ግን አንዳንድ ዕፀዋት፣ በተለይ በብዛት ወይም በንጥር መልክ ሲወሰዱ፣ ሰውነት የኬሞቴራፒ መድኃኒትን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ሊለውጡ ይችላሉ። በሕክምና ላይ ያለች ሴት የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሟ ብትነግር ትጠቀማለች፤ ቅመሙን ተማምና ቀጠሮዋን ብታዘገይ ግን ዕጢው ደም ሥሩን የሚዘረጋበትን ጊዜ ትሰጠዋለች።