ከኢታንግ ማሳ እስከ ዘረመል ቤተ ሙከራ

ባሮ በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ሲያለብስ የኢታንግ ልዩ ወረዳ አርሶ አደር ሁለት ነገር ይጠብቃል። አንዱ ውኃው ወደ መስመሩ የሚመለስበትን ቀን ነው፤ ወንዙ ትቶት የሚሄደው እርጥብ ደለል በቆሎና ማሽላ ያበቅላልና። ሌላው ለዚያ ቀን ያስቀመጠውን ዘር ነው። ጎርፉ ጎተራ ድረስ በገባበት ዓመት ማሳው ቢመለስም የሚዘራው ላይኖር ይችላል። የእርዳታ ዘር ይመጣል፤ ይበቅላልም። ከጎተራው ጋር የሄደው የአባት ዘር ግን ተመልሶ አይመጣም።

ይህ የኢታንግ ጉዳይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሞለኪዩላር ባዮሎጂና በዘረመል ሳይንስ የዶክትሬት ጥናት ከሚያካሂድ ተማሪ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው በቤተ ሙከራ የሚመረምረው ልዩነት አስቀድሞ በአርሶ አደሩ እጅ ተመርጦ፣ ተጠብቆና ከዓመት ዓመት ተላልፎ የመጣ ነው። ዘሩ ሳይመዘገብ ከጠፋ ምንም ያህል ዘመናዊ መሣሪያ ቢኖር የሚመረመር ነገር አይኖርም።

ከጋምቤላ የወጣው ዜራዜራ

የጋምቤላ ማሽላ ለሳይንሱ ዓለም እንግዳ አይደለም። ዜራዜራ በመባል የሚታወቀው የማሽላ ዓይነት የሚገኘው በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር አካባቢ ነው። በምርታማነቱና በፍሬው ጥራት ስለሚታወቅ የማሽላ አዳቃዮች አጥብቀው ሲፈልጉት ኖረዋል። መቀመጫውን ህንድ ያደረገው ዓለም አቀፉ የከፊል በረሃማ አካባቢዎች ሰብል ምርምር ተቋም፣ ኢክሪሳት፣ ይህንኑ ማሽላ ለመሰብሰብ ብቻ ወደ ጋምቤላ አካባቢ ልዑክ ልኮ ነበር። የአሰባሰቡ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ ሲሆን ከአዘጋጆቹ አንዱ በተቋሙ የዘረመል ሀብት ክፍልን የመሩት ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላክ መንገሻ ናቸው።

በሀገር ውስጥም በዶክተር ብርሃነ ገብረኪዳን ይመራ በነበረው የኢትዮጵያ ማሽላ ማሻሻያ ፕሮጀክት ዘመን የአካባቢውን ስም የያዘ “ጋምቤላ 1107” የተባለ ዝርያ ለቆላ አርሶ አደሮች ተለቋል። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በ2009 የማሽላ ሙሉ የዘረመል ንባብ ለዓለም ይፋ ሲሆን ለንባቡ የተመረጠው ቢቲኤክስ623 የተባለ የአሜሪካ ዝርያ ነበር። የዚህ ዝርያ የዘር ሐረግ ሲቆጠር በአንድ ወገን ከኢትዮጵያ ወደተወሰደ ዜራዜራ ማሽላ ይደርሳል።

ዘሩ ይህን ያህል ሲጓዝ ስለ ዘሩ ያለው እውቀት ግን ሁልጊዜ አብሮት አልተጓዘም። በዓለም የዘር ባንኮች ከሚገኙ የቆዩ ናሙናዎች ብዙዎቹ የተወሰዱበት ቀበሌ፣ የአካባቢ ስማቸውና የአርሶ አደሩ ገለጻ አልተመዘገበላቸውም። እንዲህ ዓይነት ናሙና ለተመራማሪው ግማሽ ጥቅም ብቻ ይሰጣል።

ቅጠሉ ቤተ ሙከራ ሲገባ

የዶክትሬት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ተማሪው ኮርሶችን ወስዶ ፕሮፖዛሉን ካስገመገመ በኋላ ናሙና ፍለጋ ወደ ገጠር ይወጣል። ከየዝርያው ለጋ ቅጠል ይወስዳል፤ እንዳይበሰብስም እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል በፍጥነት ያደርቀዋል። ቤተ ሙከራ ሲደርስ ቅጠሉ ተፈጭቶ በሞቀ ውሁድ ውስጥ ይቀመጣል። ውሁዱ የቅጠሉን ሕዋሳት ይበትናል፤ ቀጥሎ ስብና ፕሮቲኑ ይወገዳል። በመጨረሻ አልኮል ሲጨመርበት ዲኤንኤው እንደ ነጭ ክር ተሰብስቦ ይታያል።

ማሽላ አስር ጥንድ ክሮሞዞም አለው። የዲኤንኤው ርዝመት በፊደል ቢቆጠር 730 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ተማሪው ይህን ሁሉ ማንበብ ላያስፈልገው ይችላል። በኮቪድ-19 ምርመራ ጊዜ ስሙ በተለመደው የፒሲአር ዘዴ የተመረጡ ቦታዎችን እያባዛ አንዱን ዝርያ ከሌላው ያነጻጽራል። በዚህም በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ማሽላዎች የተለያዩ መሆናቸውን፣ ወይም በሁለት ቋንቋ ሁለት ስም ያላቸው ማሽላዎች አንድ መሆናቸውን ሊያረጋግጥ ይችላል።

ሆኖም ፒሲአሩ ልዩነት መኖሩን እንጂ የትኛው ማሽላ ውኃ በተኛበት መሬት እንደሚጸና፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ፣ የትኛው ለገንፎ እንደሚመረጥ በራሱ አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ሲዘራው የኖረው አርሶ አደር ነው። ተመራማሪው የአርሶ አደሩን ቃል መዝግቦ፣ ዝርያዎቹን በተለያየ ቦታና ወቅት ዘርቶ ካየ በኋላ ነው ባሕርይውን ከዲኤንኤው ጋር ማያያዝ የሚችለው።

ጎርፍ የሚችለው ሩዝ ትምህርት

ለጎርፍ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የህንዱ ሩዝ ነው። በኦዲሻ ግዛት ከአርሶ አደሮች ነባር ሩዝ የተመረጠ ኤፍአር13ኤ የተባለ ዝርያ አለ። ምርቱ ዝቅተኛ፣ የፍሬው ጥራትም የማያረካ ነው። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በውኃ ተውጦ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ውኃው ሲሸሽ እንደገና ያቆጠቁጣል።

በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ኬኖንግ ሹ ከአማካሪያቸው ዴቪድ ማኪል ጋር በመሆን የዚህ ባሕርይ ምንጭ ከሩዙ ዘጠነኛ ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳዩ። ከአስር ዓመት በኋላ ዘረመሉ ራሱ ተለየ። ሌላው ሩዝ ውኃ ሲውጠው ወደ ላይ ለመውጣት ሲንጠራራ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ይህ ዘረመል ያለው ግን እድገቱን ገትቶ ስንቁን ይቆጥባል። ባሕርይው አርሶ አደሮች በሚወዱት ስዋርና በተባለ ሩዝ ላይ በማዳቀል ተጨምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በህንድ ለአርሶ አደሮች ተለቀቀ።

ማሽላ ሩዝ አይደለም፤ የኢታንግ ማሽላም ተመሳሳይ ዘረመል ይኖረዋል ማለት አይቻልም። ይሁንና አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በምርቱ ማነስ ምክንያት ኤፍአር13ኤ ከማሳም ከዘር ማከማቻም ተወግዶ ቢሆን ኖሮ ያ ዘረመል ባልተገኘ ነበር። በባሮ ዳርም ዛሬ “ምርቱ ትንሽ ነው” ተብሎ የሚተወው ማሽላ ምን ይዞ እንደሚሄድ ሳይጠና መጥፋት የለበትም።

መብቱና ግዴታው

ዘር ለጥናት ሲሰጥ የባለቤቱ መብት አብሮ ሊታይ ይገባል። ኢትዮጵያ ከጤፍ የተማረችው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ ጤፍ ወደ ውጭ ከሄደ በኋላ በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የፈጠራ መብት ተመዘገበ። የሄግ ፍርድ ቤት በኔዘርላንድ የነበረውን ይህን መብት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር።

በሀገራችን የዘረመል ሀብትን፣ የማኅበረሰብ እውቀትንና የማኅበረሰብ መብቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ነው። በአዋጁ መሠረት ማኅበረሰቡ ስለ እውቀቱ አጠቃቀም አስቀድሞ ተነግሮት ፈቃዱን የመስጠት ወይም የመከልከል መብት አለው። መንግሥት ከዘረመል ሀብቱ አጠቃቀም በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም 50 በመቶው የማኅበረሰቡ ድርሻ ነው። ናሙና ከሀገር ለማውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። የቀበሌ አስተዳደርም ከአካባቢው ውጭ የመጣ ሰብሳቢ ፈቃድ መያዙን የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት። ይህ ማለት ተማሪውን በጥርጣሬ መመለስ አይደለም። ደብዳቤውን አይቶ፣ የሚወስደውን መዝግቦ፣ ውጤቱን ይዞ እንዲመለስ ቃል አስገብቶ መተባበር ነው።

ከአሁኑ ምን ይደረግ?

ለዚህ ሥራ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አንድ መዝገብ ይከፍታል። የእያንዳንዱን ነባር ማሽላ ስም በአኝዋሃ፣ በኑዌርና በኦፖ ቋንቋ ይጽፋል። የተገኘበትን ቀበሌ፣ የሚዘራው በወንዝ ዳር ወይም ከፍ ባለ መሬት መሆኑን፣ የሚዘራበትንና የሚደርስበትን ወር፣ ለምን ምግብ እንደሚፈለግና ጎርፍ ሲመጣ እንዴት እንደሆነ ይመዘግባል። የዘር መረጣና አጠባበቅ በሴቶች እጅ በሆነበት ቤት የሚጠየቁት እነሱ ናቸው።

አርሶ አደሩ በበኩሉ ዘሩን በደንብ አድርቆ ጎርፍ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ያስቀምጣል። ከተቻለ ግማሹን ከፍ ባለ ቦታ ለሚኖር ዘመድ አደራ ይሰጣል። አንዱ ቤት በውኃ ቢወሰድ ዘሩ ከሌላው ይገኛል። ወረዳው ደግሞ የዚሁ ዘር ቅጂ በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት እንዲቀመጥ መጠየቅ ይችላል። የኢንስቲትዩቱ መነሻ የሆነው የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በአሜሪካ ነብራስካ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቀው ከተመለሱ በኋላ ከአርሶ አደሮች ጋር ሆነው ነባር ዘሮችን በማዳን ሠርተዋል። ለዚህ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚመቸው ጊዜ አዝመራው ከመታጨዱ በፊት ነው። ማሽላው ራስ አውጥቶ በማሳ ላይ ሳለ ዝርያው በዓይን ይለያል፤ ባለቤቱም አጠገቡ ቆሞ ስሙን ይናገራል። መዝገቡ በዚያን ጊዜ ከተሞላና ዘሩ ባሮ ዳግም ከመሙላቱ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ከተቀመጠ፣ ነገ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ተማሪ ሥራውን የሚጀምርበት ነገር ያገኛል።