ከርዕደ መሬት እና ከሱናሚ ማግስት የሚነገሩት ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ?

መጋቢት 2/2003 ዓ.ም ከቀትር በኋላ ከሰሜን ምሥራቅ ጃፓን የባሕር ጠረፍ አቅራቢያ መጠኑ 9 ነጥብ 0 ሆኖ የተመዘገበ ርዕደ መሬት ደረሰ። ያስነሳው ሱናሚ በኢዋቴ፣ በሚያጊ እና በፉኩሺማ ግዛቶች የሚገኙ ከተሞችን እና እርሻዎችን አጥለቀለቀ። በ12ኛው ቀን የሀገሪቱ መንግሥት ውድመቱን ከ16 እስከ 25 ትሪሊዮን የን ገመተ። ፍርስራሹ ገና ሳይነሳ ይህ ቁጥር እንዴት ተገኘ?

ገማቾቹ ቤት ለቤት አልዞሩም። በአካባቢው አስቀድሞ የነበረውን የሕንፃ፣ የመንገድ፣ የወደብ እና የፋብሪካ ሀብት ዋጋ መነሻ አደረጉ። በ1987 ዓ.ም በኮቤ ከተማ የደረሰው ርዕደ መሬት ያወደመውን ድርሻም መለኪያ አድርገው ወሰዱ። ኮቤን ሱናሚ አልመታትም ነበርና ባሕሩ በገባበት አካባቢ ውድመቱ የከፋ እንደሚሆን ታሰበ። ምን ያህል የከፋ ለሚለው ግን ሁለት ግምት ተያዘ፤ በ16 እና በ25 መካከል ያለው ሰፊ ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው። በሰኔ ወር ከየአካባቢው መረጃ ሲሰበሰብ ግምቱ 16 ነጥብ 9 ትሪሊዮን የን ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 1 ነጥብ 9 ትሪሊዮኑ የግብርና፣ የደን እና የዓሣ ሀብት ነው። የፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ያስከተለው ጉዳት አልተካተተበትም።

ሌላም ያልተካተተ ነገር አለ። ባለሙያዎች ውድመትን እና ኪሳራን ይለያሉ። የሞተ በሬ ውድመት ነው፤ በሬው ባለመኖሩ ሳይታረስ የቀረው ማሳ ምርት ደግሞ ኪሳራ ነው። መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ወራት ያስላው ውድመቱን ነበር።

ልዩነቱ በሩዝ እርሻዎቹ ላይ ጎልቶ ታይቷል። 23 ሺህ 600 ሄክታር ገደማ የእርሻ መሬት በባሕር ውኃ መታጠቡ ወይም መጥለቅለቁ ተገመተ፤ 15 ሺህ የሚሆነው በሚያጊ ነው። ብዙው ማሳ በቦታው ቢኖርም አፈሩ ጨው ጠጥቷል። ጨውን ለማስወገድ ንጹሕ ውኃ እየለቀቁ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሆኑት ቦዮች እና የውኃ መሳቢያ ጣቢያዎች ደግሞ ተሰባብረዋል። የሩዝ መትከያው ወቅት ሊደርስ የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ያጣው የአንድ ዓመት አዝመራ ብቻ አልነበረም።

የሰው ቁጥር በሌላ መንገድ ይሳሳታል፤ የሟቾች ቁጥር ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ የጠፉት ደግሞ በዝቶ ይመዘገባል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተረጋገጠው የሟቾች ቁጥር 10 ሺህ ሲያልፍ፣ ጠፉ የተባሉት ከ17 ሺህ በላይ ነበሩ። ስልኩ አልሠራ ያለ ሁሉ ጠፋ ይባላል፤ አንዱን ሰው ሁለት ዘመዶች በተለያየ ቦታ ያስመዘግቡታል። እንደ ሚናሚሳንሪኩ እና ኦትሱቺ ባሉ ከተሞች የአስተዳደር ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ከነመዝገቡ በውኃ ተወስዶ ስለነበር ማመሳከሩ አዳጋች ሆነ። በሌላ መሥሪያ ቤት የተቀመጡ የቤተሰብ መዝገብ ቅጂዎች ኋላ ረድተዋል። ዛሬ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 15 ሺህ 900 ሲሆን፣ ከ2 ሺህ 500 የሚበልጡት እስካሁን አልተገኙም።